እስቲ ዐይን ጣል አድርግበት

አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከደራሲው አፍ የማትጠፋ ዐረፍተ ነገር አለች፤ «እስቲ ዐይን ጣል አድርግበት።» የምትነገረው አማርኛ ያስተምራል ለተባለ ዘመድ፣ ድሮ ጋዜጣ ላይ ይጽፍ ለነበረ ጓደኛ፣ አለዚያም ረቂቅ እያረመ ለሚተዳደር አርታኢ ነው። ዐይን የሚጣልበት ነገር 300 ገጽ ነው። ሽፋኑ ተሠርቷል፤ የምርቃቱ አዳራሽ ተይዟል፤ የክብር እንግዳው ተጠርቷል፤ በጀርባው የሚወጣውን ሙገሳ የጻፉት ሰው እንኳ መጽሐፉን ማንበብ ሳያስፈልጋቸው ጽፈው ጨርሰዋል። የቀረው ዐይን መጣል ብቻ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። በሌላው ዓለም በግል የሚሠሩ አርታኢዎች አንድ የረቂቅ ገጽ ብለው የሚቆጥሩት 250 ቃል ነው። 300 ገጽ ማለት 75,000 ቃል ይሆናል። ጠንቃቃ አርታኢ በሰዓት አምስት ገጽ ቢገፋ 60 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ሳይነሣ ቢሠራ ዐሥር ቀን ነው። ያውም አንድ ጊዜ ለማንበብ። ዐሥር ቀን ሙሉ የሚጣል ዐይን ከተገኘ ባለቤቱ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ይሻላል።

ነገሩ ስንፍና ብቻ ቢሆን እናልፈው ነበር፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የማይሰንፍ ደራሲ የለምና። ችግሩ ግን ጠለቅ ይላል። በአሳታሚ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አርታኢ ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ደራሲው ቢያኮርፍ የአርታኢው እንጀራ አይነካም፤ ረቂቁ ካልተቃና ደግሞ «አናትመውም» የሚል ክንድ ከኋላው አለ። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ደራሲ ራሱ አሳታሚ ነው። ለወረቀቱ የሚከፍለው፣ ማተሚያ ቤቱን የሚለማመጠው፣ ካርቶን ተሸክሞ ለመደብሮችና ለአዟሪዎች የሚያድለው እሱ ነው። አርታኢ ከቀጠረም ከፋዩ እሱ ነው። ስለዚህ ዳኛውን የሚሾመው ተከሳሹ፣ አበሉን የሚከፍለው ተከሳሹ፣ ፍርዱ ካልጣመው ዳኛውን የሚያሰናብተውም ተከሳሹ ይሆናል። እንዲህ ባለ ችሎት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እንግዲህ ይኸው ነው፤ በግል የሚሠራ አርታኢ ስንቀጥር የምንገዛው እምቢታውን ነው። እምቢ የማይል አርታኢ በነፃ ቢሠራ እንኳ ያከስራል። እምቢ ማለት የሚችለው ደግሞ ቀጣሪው አስቀድሞ የገዛ እጁን ካሰረ ብቻ ነው።

አርታኢ እምቢ ሲል ምን እንደሚሆን በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው አሜሪካ ነው። ሃርፐር ሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ሊፒንኮት ለተባለ አሳታሚ ያስገባችው ረቂቅ «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» ይባል ነበር። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ ረቂቁ ውስጥ ጸሐፊ አገኘች፤ ልብ ወለድ ግን አላገኘችም፤ ያነበበችው ገና ያልተሰፋ የገጠመኝ ክምር ነበር። እናም ሁለት ዓመት ያህል እንደገና አጻፈቻት። ባለታሪኳን ከጎልማሳነቷ አንሥተው ወደ ልጅነቷ መለሷት። በ1960 «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ወጣ፤ በዓመቱም የፑሊትዘርን ሽልማት ወሰደ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «ያለ አርታኢም ትጽፈው ነበር» ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ግን የመጀመሪያው ረቂቅ በ2015 ታተመና ነገሩ ለዐይን ቀረበ። ጸሐፊዋ ያችው፣ ከተማው ያው፣ አባትና ልጁ እነዚያው ናቸው፤ አንዱ የአርታኢ እምቢታ የገባበት፣ ሌላው ያልገባበት። አንዳንድ አንባቢ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ አባትዬው እዚያ የነጮች የበላይነት ናፋቂ ሆኖ ስለሚታይ ይበልጥ እውነት ነው ይላል። ክርክሩ ያስኬዳል። ይሁንና ሁለተኛው ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያውን ፈልጎ የሚያነብ አንድ ሰው ይገኝ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

የ«ዐይን ጣል» ወገን እዚህ ላይ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየትን ይጠራብኛል። እ.ኤ.አ. በ1922 የታተመውን «ዘ ዌስት ላንድ»ን ግማሽ ያህሉን ቆርጦ የጣለለት ጓደኛው ኤዝራ ፓውንድ ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። ረቂቁ ከነስርዙ በ1971 ታትሞ ስለወጣ የፓውንድ እርሳስ የት የት እንዳለፈ ማንም ማየት ይችላል። እውነት ነው፤ ጓደኛ ያለ ገንዘብ ሠርቷል። ግን ፓውንድ እምቢ ለማለት የኤልየትን ወዳጅነት አልፈራም፤ ኤልየትም የተሰረዘው ካልተመለሰ ብሎ አላኮረፈም። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሞ ወደ ወዳጁ ይሂድ። ለሌሎቻችን ግን ጓደኛ የሚያነበው እኛን እንጂ ረቂቁን አይደለም፤ ገጽ 12 ላይ አቁሞ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ድሮም ብዕር አለህ» ይላል። የቀረውን 288 ገጽ የሚያነበው የማያውቀን ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሏል።

አርታኢ እምቢ የሚለው በነጠላ ሰረዝና በፊደል ላይ የሚመስለው ብዙ ነው። ፊደል ለቀማ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእሱ በፊት የዐረፍተ ነገሩ፣ ከዚያም በፊት የታሪኩ አካሄድ አለ። ከማንም መጽሐፍ ያልተወሰደ፣ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተሠራ አንድ ዐረፍተ ነገር እንይ፤ «ፀሐይዋ ወርቃማ ጨረሯን በምድር ገጽ ላይ ስትረጭ፣ አልማዝ በሐዘን በተሰበረ ልቧና በእንባ በራሱ ዐይኖቿ፣ ትናንትን ከዛሬ እያነጻጸረች፣ በመስኮቱ አሻግራ ትመለከት ነበር።» ፊደል ለቃሚ እዚህ ላይ የሚለቅመው የለም፤ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር በቦታዋ ናት። አርታኢ ግን ጠርዙ ላይ ሦስት ቃል ይጽፋል፤ «አልማዝ ምን አየች?» ደራሲው መለስ ብሎ ሲያስበው አልማዝ ምንም አላየችም። እሱም አላየም። መስኮቱን የከፈተው ሐዘን በመስኮት በኩል ስለሚያምር ነው። ጥያቄውን ካልሸሸው ግን ከመስኮቱ ባሻገር፣ ጎረቤቷ ግቢ፣ የልብስ ገመድ ላይ የባሏን ሸሚዝ ተሰጥቶ ታያለች። አሁን ፀሐይዋም ሥራ ፈታች፤ እንባውም ትርፍ ሆነ፤ ታሪኩ ተጀመረ። ሸሚዙን የሰቀለው ደራሲው ራሱ ነው። አርታኢው አንድም ቃል አላዋሰውም፤ ባዶ መስኮት አልቀበልም አለ እንጂ።

ሌላው የአርታኢ እምቢታ ከዚህ ይልቅ ያስቃል። ምዕራፍ ሦስት ላይ የተቀበረው አጎት ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ላይ ሠርግ ቤት ተገኝቶ ሙሽሮቹን ይመርቃል። ጀግናው ጠዋት ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለምሳ ጎንደር ይገባል፤ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ከደራሲው በቀር ተሳፋሪው ሁሉ ያውቃል። ገጽ 40 ላይ አማቷን «እርስዎ» ስትል የነበረች ምራት ገጽ 41 ላይ «አንቺ» ትላቸዋለች፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ጠብ ያለ እንደሆነ ተብሎ ቢፈለግ የለም። ኃይሉ የሚባል አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ እየተባለ ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢ የትኛው እንደከዳትና የትኛው እንዳገባት ሲለይ ልብ ወለዱ ያልቃል። ኮምፒዩተር ይህን ያርመዋል የሚል ይኖራል። ኮምፒዩተሩ ሦስቱንም ኃይሉዎች ትክክል ነው ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል፤ የሞተ አጎት ሠርግ ላይ ቢመጣም ደንታ የለውም። ደራሲው ራሱ ደግሞ ረቂቁን ሃያ ጊዜ አንብቦታልና የሚያየው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ድምፄ ይጠፋል የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሁሉ ግብዞች አይደሉም፤ ማስረጃ አላቸው። ሬይመንድ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1981 በክኖፍ አሳታሚ በኩል የወጣው የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሉ ከግማሽ በላይ የተቆረጠው በአርታኢው በጎርደን ሊሽ ነው። ካርቨር በሐምሌ ወር 1980 ኅትመቱ ይቁምልኝ ብሎ የተማፀነበት ረጅም ደብዳቤ ተርፎ ይገኛል። መጽሐፉ ግን ሊሽ ባሳጠረው መልክ ወጣ፤ ካርቨርንም ዝነኛ አደረገው። ያልተቆረጠው ረቂቅ «ቢጊነርስ» ተብሎ የታተመው በ2009፣ ደራሲው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያሳዝናል፤ ግን ልብ በሉ፤ ሊሽ ይህን ማድረግ የቻለው የአሳታሚው ሰው ስለነበረ ነው። በግል የተቀጠረ አርታኢ እንኳን መጽሐፍ ሊያወጣ ነጠላ ሰረዝ ሊያስገድድ አይችልም። ደራሲው ፋይሉን ሲቀበል እርማቱን አንድ በአንድ ወይ ይቀበለዋል፣ ወይ ይጥለዋል። በሕግም ቢሆን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይዛባ የመቃወምን መብት ለደራሲው ሰጥቶታል። እንግዲህ በግል ቅጥር ላይ የሚያሰጋው የአርታኢው ጉልበት ሳይሆን ጉልበት ማጣቱ ነው። የካርቨርን ፍርሃት ተውሰን እንፈራለን፤ የካርቨርን አርታኢ ግን አልቀጠርንም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ቢባል አንዱ ምንጭ እዚሁ አገር ነው። ለረጅም ዘመን በአማርኛ ረቂቅ ላይ የሚያልፍ የሌላ ሰው ብዕር የሳንሱር ብዕር ነበር። ሳንሱር በአዋጅ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ቀይ ቀለም ሲያይ ደንገጥ የሚል ትውልድ ዛሬም ይጽፋል። ሳንሱሩ ግን «ይህን ለምን አልክ?» ይል ነበር፤ አርታኢ የሚለው «ምን ማለትህ ነው?» ነው። ሁለቱን መለየት ያን ያህል አያስቸግርም፤ አንደኛው ነገሩ ሲገባው ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ሳይገባው ሲቀር። የሚገርመው ደግሞ ከሳንሱር በፊት የኖረውን ልማድ መርሳታችን ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የኔታ ሰምተው ዜማው የጎደለውን፣ ምስጢሩ ያልሞላውን ያቃናሉ፤ ካልሆነም ይመልሱታል። ለምን ድምፄን ነኩት ያለ ተማሪ የለም። በብራናውም ላይ ቢሆን የተሳሳተው ተፍቆ፣ የተዘለለው በመስመሮቹ መካከል ተጨምሮ እስከ ዛሬ ይታያል፤ እርማቱ የመጽሐፉ ነውር ሆኖ አልተቆጠረም። የኔታ ግን አንድ ዕድል ነበራቸው፤ ኑሯቸው በተማሪው ሙገሳ ላይ አልተንጠለጠለም።

ገንዘቡስ? የወረቀት ዋጋ እንዲህ በሰማይ እያለ ለአርታኢ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ፌዝ አይደለም። ሆኖም ለሽፋን ሠዓሊ የሚከፍል፣ ለምርቃቱ ውሃና ኩኪስ የሚገዛ፣ ለባነር የሚያወጣ ደራሲ ገንዘብ የለኝም ቢል ቅደም ተከተሉን ማየት ነው። ዋጋው በገጽ ነው የተባለ እንደሆነ ደግሞ ባለ 14 ነጥብ ፊደል የነበረው ረቂቅ በአንድ ሌሊት ወደ 10 ነጥብ ይኮማተራል፤ 300 ገጽ 190 ሆኖ ያድራል። (አርታኢዎች ሆይ፣ በቃል ቁጥር ተዋዋሉ።) ሳይታረም የታተመ መጽሐፍም ወጪ አለው፤ ሂሳቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው እንጂ። ድሮ በመጻሕፍት መጨረሻ «ገጽ፣ መስመር፣ ስሕተት፣ እርማት» የሚል ሠንጠረዥ ይለጠፍ ነበር፤ አንባቢው እስክርቢቶ ይዞ ራሱ እንዲያርም። ትሕትናው ደግ ነው፤ ግን ሠንጠረዡ የሞተውን አጎት ከሠርጉ ቤት አያስወጣውም። ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፤ አንድ ሺሕ ቅጂ ሲሆንማ ጨርሶ አይወርድም።

ስለ ምስጋና አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ቶማስ ዎልፍ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያሳትም በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ቃላት ያስወጣው የስክሪብነርስ አርታኢ ማክስዌል ፐርኪንስ ነበር። ዎልፍ በ1935 ያወጣውን ሁለተኛውን ልብ ወለድ ረጅም ውዳሴ ጽፎ ለፐርኪንስ አበረከተለት። ከዚያ በኋላ አንድ ሐያሲ ይህ ሰው ያለ አርታኢው መጽሐፍ ማቆም አይችልም ብሎ ጻፈበት፤ ነገሩ ከነከነው፤ በ1937 ሌላ አሳታሚ ዘንድ ገባ። በዓመቱ ሲሞት ግን የጽሑፎቹ ባለአደራ አድርጎ የተወው ያንኑ ፐርኪንስን ነበር። የእኛ ደራስያን ከዚህ የተማሩ ይመስላል፤ በምስጋና ገጻቸው ፈጣሪን፣ ባለቤታቸውን፣ የታተመበትን ማሽን ሠራተኛ ሳይቀር አመስግነው አርታኢውን «ረቂቁን በማየት ለተባበረኝ» ብለው ያልፉታል። ስሙን ሙሉውን ቢጽፉት ለአንባቢም ይጠቅማል፤ ኃላፊነቱን ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ አርታኢውም ስሙ ሊወጣ መሆኑን ሲያውቅ ጠንቅቆ ይሠራል።

አርታኢዎችም መላእክት አይደሉም። ገበሬውንም ዘበኛውንም እንደ ዜና አንባቢ የሚያናግር አለ፤ አምስት ረቂቅ በአንድ ወር ተቀብሎ አንዱን ለወንድሙ ልጅ የሚያስተላልፍ አለ፤ ሁለት መቶ ነጠላ ሰረዝ ነቅሎ ሁለት መቶ የሚተክልና ሥራ ጨረስኩ የሚልም አለ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ውሉ ላይ ነው። አስቀድሞ ዐሥር ገጽ ሰጥቶ፣ ለዐሥሩም ገጽ ከፍሎ፣ እጁን ማየት፤ «ደስ ይላል» ብሎ ብቻ የሚመልሰውን አመስግኖ መሸኘት። ከዚያ የሚሠራው የታሪኩን አካሄድ ነው፣ ቋንቋውን ነው፣ ወይስ ፊደል ለቀማ፣ ይህን በጽሑፍ መለየት። ክፍያው ደራሲው በመደሰቱ ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ፤ ሲሦው ሥራው ሲጀመር፣ ሲሦው ሲጋመስ፣ ቀሪው ርክክቡ ዕለት፣ ኩርፊያ ቢኖርም ባይኖርም። የመጨረሻው ቃል የደራሲው ይሁን፤ ግን አልቀበልም ለሚለው ለእያንዳንዱ ትልቅ እርማት ምክንያቱን በአንድ መስመር ጠርዙ ላይ ይጻፍ። «አልማዝ ምን አየች?» ለሚለው ጥያቄ «እንዲሁ ትመለከት» ብሎ በገዛ እጅ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ብዙው ደራሲ ብዕሩን ካነሣ በኋላ ሸሚዙን መስቀል ይቀለዋል።

ስለዚህ ረቂቅ በእጃችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ሽፋኑን ገና አታሠሩ፤ አዳራሽም አትያዙ። አርታኢያችሁን ፈልጉ፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ስጡት፤ ከዚያም ቢያንስ ለሁለት ወር «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ አትደውሉለት።